የብልቃጡ ፊትና የብልቃጡ ጀርባ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጎፋ እስከ መካኒሳ፣ ከለቡም እስከ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ድረስ በእግሩ የሚዘዋወር ሰው በየመንገዱ ዳር የኮስሞቲክስ ሱቅ ሳያይ ብዙ አይራመድም። በመስተዋቱ ውስጥ የተደረደረው የፊት ክሬም፣ የገላ ሎሽን፣ ሳሙናና ሽቶ ዓይን ይስባል። የእያንዳንዱ ብልቃጥ ፊት አንዳንድ ተስፋ ይሰጣል፤ አንዱ «ለስስ ቆዳ የተዘጋጀ» ይላል፤ አንዱ «ከተፈጥሮ ዕፀዋት የተቀመመ» ይላል፤ አንዱ «በቆዳ ሐኪሞች የተፈተነ» ይላል፤ ሌላውም በሰባት ቀን ፊትን አበራለሁ ብሎ ይምላል። የብልቃጡ ጀርባ ግን በደቃቅ ፊደል ተጽፎ፣ አንባቢ አጥቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጣል። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ጀርባው ነው።

ቆዳቸው ቶሎ የሚቆጣባቸው ሰዎች በመካከላችን ጥቂት አይደሉም። ሌላው ሰው ተቀብቶት ምንም የማይሆንበት ቅባት እነርሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥላቸዋል፤ ያሳክካቸዋል፤ ፊታቸውን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል። በውጭ አገር መጻሕፍት ይህ ነገር የሚታወቀው በመቅላት ነው። በእኛ አገር ሰው ፊት ላይ ግን መቅላቱ እምብዛም ጎልቶ አይታይም፤ ጎልቶ የሚታየው ኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ነው። ቆዳው በተቆጣ ቁጥር ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ከመጠን በላይ ስለሚሠሩ፣ ሽፍታው ከዳነ በኋላ ጥቁረቱ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። ይህችን ነገር አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ የምንናገረው ክፉ ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህች ጥቁር ምልክት ነውና።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ከወረቀት የሚሳሳ ቢሆንም አሠራሩ ያስደንቃል። የሞቱ ሕዋሳት እንደ ጡብ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ሴራሚድና ኮሌስትሮልን የመሰሉ ቅባቶች እንደ ጭቃ ሆነው ያያይዟቸዋል። ጭቃው የሳሳ እንደ ሆነ ውሃው ከውስጥ ይወጣል፤ የሚያቃጥለውም ነገር ከውጭ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ የማታንስ ከተማ ስለ ሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። የበጋው አየርም ደረቅ ነው። በዚህ ላይ ጧትና ማታ ፊትን በጠንካራ ሳሙና መፈተግ ሲጨመርበት ጭቃው እየታጠበ ይሄዳል። የጤነኛ ቆዳ ገጽ በኬሚስቶች መለኪያ 5 አካባቢ የሆነ ቀላል ኮምጣጣነት አለው፤ ተራው ደረቅ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው አዲስ ቅባት ሲፈልግ ችግሩ ያለው አስቀድሞ በያዘው ሳሙና ላይ ነው።

አሁን የብልቃጡን ፊት እንመርምር። ለሚቆጣ ቆዳ በሚሸጡ ዕቃዎች ላይ አብዝቶ የሚጻፈው ቃል «ሃይፖአለርጀኒክ» የሚለው ነው። ትርጓሜው አለርጂ የማያስነሣ፣ ወይም የሚያስነሣው በጥቂቱ የሆነ ማለት ነው። ቃሉ የግሪክኛ ድምፅ ስላለው የሐኪም ማረጋገጫ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ደንብ ይህን ቃል በዕቃው ላይ የሚጽፍ ሁሉ ዕቃው ከሌሎች ብጤዎቹ ያነሰ አለርጂ የሚያስነሣ መሆኑን በሰው ላይ ፈትኖ እንዲያሳይ አዘዘ። አልሜይና ክሊኒክ የተባሉት ሁለት ኩባንያዎች ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1977 የይግባኙ ፍርድ ቤት ደንቡን ውድቅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ቃሉን የሚገዛው የፌዴራል ትርጓሜ የለም፤ ባለ ዕቃው የወደደውን ማለት ይችላል። ከዚያ አገር ተጭኖ መጥቶ በጀሞ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ብልቃጥ የያዘው ቃል እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ክብደት የለውም።

«በቆዳ ሐኪሞች የተፈተነ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስንት ሐኪም? በስንት ሰው ላይ? ለስንት ቀን? ውጤቱስ ምን ሆነ? መፈተኑን እንጂ ማለፉን አይናገርም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንባቢያችን በመፈተንና በማለፍ መካከል ያለውን ልዩነት ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ከሽታ ጋር የተያያዙት ቃላት ደግሞ የበለጠ ያሳስታሉ። «ሽታ የሌለው» እና «ሽቶ ያልተጨመረበት» አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። የመጀመሪያው አፍንጫ የማይሸተው ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቅመሞቹን መጥፎ ሽታ ለመሸፈን ሌላ ሽቶ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላልና። ለሚቆጣ ቆዳ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው።

«ከተፈጥሮ የተገኘ» የሚለውስ? በዚህ ላይ የእኛ ሰው በቶሎ ይሸነፋል፤ ቅቤውንም እሬቱንም ማሩንም ከእናቱ እጅ ስላየ ተፈጥሮ አይጎዳም ብሎ ያምናል። ሳማም ተፈጥሮ ነው። በብዙ ቤት የተለመደውን ግሊሰሪንን ከሎሚ ጋር ቀላቅሎ መቀባት እንመልከት። ግሊሰሪኑ መልካም ነገር ነው። ሎሚው ግን በዚያው መለኪያ ወደ 2 የሚጠጋ ብርቱ ኮምጣጣ ሲሆን፣ በውስጡ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ቅመም አለበት። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ውሃ የቋጠረ ቁስል፣ ከዚያም ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ሊያተርፍ ይችላል። ጥቁረት ለማጥፋት ብሎ ጥቁረት መግዛት ይኸው ነው። ላቬንደርና ብርቱካን ልጣጭን ከመሰሉ ዕፀዋት የሚወጡት ዘይቶችም ሊናሉልና ሊሞኒን የተባሉ ቅመሞች አሏቸው፤ እነዚህ ብልቃጡ ተከፍቶ አየር ሲያገኛቸው እየተለወጡ አለርጂ የሚያስነሡ ይሆናሉ።

እንግዲህ ብልቃጡን እናዙረው። በጀርባው ላይ «ኢንግሪዲየንትስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝር ዕቃው የተቀመመበት ነገር ሁሉ ነው። ስሞቹ ሊያስፈሩ አይገባም፤ በብዙ አገሮች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ የተስማሙባቸው ስሞች ስለ ሆኑ ጥቂቶቹን የለመደ ሰው የትኛውንም አገር ብልቃጥ ያነባል። የአጻጻፉም ሕግ ቀላል ነው፤ በብዛት የገባው በመጀመሪያ ይጻፋል፤ ያነሰው ይከተላል። ስለዚህ በሎሽን ላይ ከሁሉ በፊት «አኳ» የሚል ቢታይ ውሃ ማለት ነው፤ ገንዘባችንን ያወጣንበት ዋናው ዕቃም እሱ ነው። ከ1 በመቶ በታች የገቡትን ግን አምራቹ በወደደው ተራ ሊያሰፍራቸው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። ዕቃው እንዳይበላሽ በብዙ ክሬም ውስጥ የሚጨመር «ፌኖክሲኤታኖል» የተባለ ቅመም አለ። የአውሮፓ ሕግ ይህ ቅመም ከ1 በመቶ በላይ እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዲህ ሕጉን ተከትሎ በተሠራ ዕቃ ከዚህ ስም በኋላ የተጻፈው ሁሉ ከ1 በመቶ የማይበልጥ ነው ማለት ነው። በፊቱ ላይ ትልቅ የእሬት ቅጠል ሥዕል ያለበትን ክሬም አንሥታችሁ ጀርባውን እዩ፤ የእሬቱ ስም «አሎ» ብሎ ከፌኖክሲኤታኖል በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ሥዕሉ ከእሬቱ ይበልጣል።

ለሚቆጣ ቆዳ ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚለው ቃል ነው። በዚህ በአንድ ቃል ሥር በአሥር የሚቆጠሩ ቅመሞች ሊሸሸጉ ይችላሉ። አውሮፓውያን አለርጂ አዘውትረው የሚያስነሡ 26 የሽቶ ቅመሞች ለብቻ በስማቸው እንዲጻፉ አዝዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ደንብ ቁጥሩን ወደ 80 ያህል ከፍ አድርገውታል።

የማስታወቂያ ቃል እውነተኛውን ነገር እንዴት እንደሚገለብጠው የሚያሳይ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ እንጨምር። ፓራቤን የተባሉት ማቆያዎች ክፉ ስም ወጥቶላቸው ብዙ ኩባንያዎች «ከፓራቤን ነጻ» ብለው መጻፍ ጀመሩ። ክሬም ያለ ማቆያ ይሻግታልና በምትካቸው ከገቡት አንዱ «ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን» የተባለው ነው። ይኸኛው በቆዳ ላይ ያስነሣው አለርጂ ከመብዛቱ የተነሣ የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አስነሺ» ብሎ ሰየመው፤ አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተቀብቶ በሚቆይ ቅባት ውስጥ እንዳይገባ ከለከለችው፤ ታጥቦ በሚለቅ ሳሙናና ሻምፑ ውስጥ ብቻ በጥቂቱ ተፈቅዷል። ያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ፓራቤኖችን፣ አለርጂ የማስነሣታቸው ነገር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ «የዓመቱ አለርጂ የማያስነሣ» ብሎ ሰየማቸው። በፊቱ ላይ የተጻፈውን አምኖ የገዛ ባለ ስስ ቆዳ እንግዲህ ከደኅናው ሸሽቶ ወደ ባሰው ሄደ ማለት ነው።

በቅርቡ በጀሞ ከሚገኙት ሱቆች በአንዱ ቆመን ዕቃ ስናነብ አንዲት ተማሪ ገባች።

«እህቴ፣ ለፊት የሚሆን አለሽ? ፊቴ ቶሎ ይቆጣብኛል» አለቻት ባለ ሱቋን።

«አለ፣ የኔ ቆንጆ። ጥቁረቱን ነው ማጥፋት የፈለግሽው?»

«አዎ፤ ከብጉር የቀረ ነው።»

«እንግዲያው ይኼን ውሰጂ። በሳምንት ውስጥ ጥርት ያደርግሻል። ሁሉም ይኼንኑ ነው የሚወስዱት።»

ትንሿን ቱቦ ተቀብለን ጀርባውን አየን። «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ» ይላል። ይህ ቅባት አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ባለ ሱቋን ይህ ምን እንደ ሆነ ታውቅ እንደ ሆነ ስንጠይቃት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፤ የሚጠይቁኝን ነው የማመጣው» አለችን። አልዋሸችም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ክሎቤታሶል በቆዳ ላይ ከሚደረጉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሁሉ በብርታቱ ከመጀመሪያው ረድፍ የሚሰለፍ ነው። ሐኪም ለችፌና ለመሳሰለው ጽኑ የቆዳ በሽታ ሲያዝዘው ሥራው የታወቀና የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ እንዳይወሰድ፣ በፊት ላይም እንዳይደረግ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጽፎበታል። በሱቅ የሚሸጠው ግን በትክክል ለፊት፣ በትክክልም ለዘወትር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሆነውን ሰው ሁሉ ይወድደዋል፤ የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብብ፣ ቁጣውንም ስለሚያስታግስ ፊቱ ይለሰልሳል፤ ቀለሙም ይቀላል። ከወራት በኋላ ቆዳው እየሳሳ ሥሮቹ ከላይ ይታያሉ፤ ብጉር ይፈላል፤ ፀጉር በማይበቅልበት ፀጉር ይበቅላል። ልተወው ባሉ ጊዜ ደግሞ ፊቱ ይነድዳል፤ ያብጣል፤ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። አስቀድሞ በጥቂቱ ይቆጣ የነበረው ፊት አሁን ውሃ እንኳ የሚያቃጥለው ይሆናል። ቁጡ ቆዳ ብለን ከምንጠራው ውስጥ ከተፈጥሮ ሳይሆን ከቱቦ የመጣው ቀላል አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው። ጭርት ያለበትም ሰው ይህንኑ ቢቀባ ማሳከኩ ለጊዜው ይቆምለታል፤ ጭርቱ ግን መልኩን ለውጦ ይሰፋል፤ ሐኪሙንም ያሳስታል።

ከስቴሮይድ ሌላ ቆዳ በሚያቀሉ ዕቃዎች ውስጥ የሚገኙ ሁለት ቅመሞች አሉ። አንዱ ሃይድሮኪኖን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ብርቱ የሃይድሮኪኖን ክሬም ለዓመታት የተቀቡ ሰዎች ፊት እንደ መንጻት ፈንታ ሰማያዊ ጥቁረት ያለው፣ የማይለቅ ዝንጉርጉር ቀለም እንዳወጣ ጽፈው አሳወቁ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2001 ከፊትና ከገላ ቅባት አስወጣችው፤ ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ቆዳ ያቀላል ብሎ ማስተዋወቅን ጭምር ከልክላለች። ሐኪም ለማድያት በጥንቃቄ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝዘው ይችላል፤ ይህ ግን ከሱቅ መደርደሪያ ገዝቶ እንደ ቫዝሊን ከመቀባት ጋር አይገናኝም።

ሁለተኛው በአማርኛ ባዜቃ የምንለው ሜርኩሪ ነው። ባዜቃ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። በጎረቤታችን በናይሮቢ የሚሠሩ ሐኪሞች የኩላሊት ሕመም ይዟቸው ከመጡላቸው ሴቶች ብዙዎቹ ባዜቃ ያለበት የፊት ማንጫ ይቀቡ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1972 ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ባዜቃ ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ ከአንድ እጅ በላይ ያለበት የውበት ዕቃ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገር ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ጉባኤም ይኸው ጥቂቱ መጠን እንኳ ከ2025 በኋላ እንዲቀር ተስማሙ። ሆኖም በድብቅ የሚሠራው ስሙን አይጽፍም። ጽፎት ቢገኝ «ካሎሜል»፣ «መርኩሪክ»፣ «መርኩሪየስ ክሎራይድ» ወይም «መርኩሪዮ» የሚሉትን ይመስላል። ስሙ ባይጻፍ እንኳ አንድ ምልክት አለ፤ በአጠቃቀም መመሪያው ላይ «ወርቅ፣ ብር፣ አሉሚኒየምና ጎማ አያስነኩ» የሚል ካለ ባዜቃ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ መጠርጠር ይገባል። ባዜቃ ብረትን ይበላልና ባለ ፋብሪካው ለቀለበታችሁ አዝኗል፤ ለኩላሊታችሁ ግን አላዘነም።

የዕቃ ስም መለወጥም ብዙ አያጽናና። ዩኒሊቨር የተባለው ትልቅ ኩባንያ በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውንና በምሥራቅ አፍሪካም የታወቀውን «ፌር ኤንድ ላቭሊ» እ.ኤ.አ. በ2020 «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ብሎታል፤ ቀይነትን የሚያመለክተው ቃል ቀርቶ ማብራትን የሚያመለክት ቃል ገባ። ከዚህ ወዲህ በየብልቃጡ ላይ «ማቅላት» የሚለው እየቀረ «ማብራት»፣ «ማጥራት»፣ «ማስተካከል» የሚሉት በዝተዋል። ቃሉ ሲለወጥ ዝርዝሩ ተለውጦ እንደ ሆነ የሚያሳየው ያው ጀርባው ብቻ ነው።

ጀርባ የሌለውስ ዕቃ? ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ወሬን ያለ ሽቦ ከሚያስተላልፈው ከጥንቱ የራዲዮ ጣቢያ እንደ መጣ ይነገራል። ዛሬ የቅባት ወሬ የሚመጣው በነፋሱ ስልክ ነው፤ በቲክቶክና በቴሌግራም። በዚያ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ «ድብልቅ» የሚባለው ነው፤ ሎሽኑን፣ የስቴሮይዱን ቱቦና ሌላውን አንድ ላይ መትቶ፣ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጎ፣ ስም ለጥፎ መሸጥ። በዚህ ላይ የሚነበብ ዝርዝር የለም፤ የተሠራበት ቀን የለም፤ ሠሪው የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የውበት መጠበቂያ ዕቃዎችንም በቁጥጥሩ ሥር አግብቷል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንባቢዎቻችን ግን ሕግ በመጽሐፍ መኖሩና በየሱቁ መድረሱ የተለያየ መንገድ መሆኑን ከወንበራቸው ያውቁታል። እስኪደርስ ድረስ ዝርዝር የሌለውን ዕቃ አለመግዛት የገዢው ፋንታ ነው።

ይህ ሁሉ የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ የሚያነብ ወንድ ካለ፣ ጧት ጢሙን ተላጭቶ ከረባቱን ከማሰሩ በፊት አንገቱን በእጁ ይዳብስ። ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰው እስከ ሥሩ ሲላጭ ፀጉሩ ተመልሶ ቆዳውን ወግቶ ይገባና ያቆጠቁጣል። በዚያ ላይ አልኮል የበዛበትን ኮሎኝ ያርከፈክፍበታል፤ ሲያቃጥለው «ሠራ» ይላል። ማቃጠሉ ቆዳው መጎዳቱን እንጂ መንጻቱን አያሳይም። ወደ ጥጉ ሳይጠጉ መላጨት፣ ከላጩም በኋላ ሽቶ የሌለበት ቅባት መቀባት ይሻለዋል። በሠርግ ሰሞን ደግሞ ሂናው ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም የሚቀላቅሉበት አሉ። በፀጉር ቀለም ውስጥ ያለው ፓራፌኒሊንዳያሚን በእጅና በእግር ቆዳ ላይ ሲደረግ ብርቱ ቁስል ሊያስነሣ ይችላል፤ አንድ ጊዜ አለርጂው የያዘው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፀጉሩን በዚያ ቀለም ለመቀባት ይቸገራል። እንሶስላ ዘግይቶ ቢቀላም እንዲህ ያለውን መዘዝ አላመጣም።

ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ቱቦው ምን እንደ ሆነ በነገርናት ጊዜ መልሳ አስቀመጠችውና፣ «ታዲያ ምን ልቀባ?» አለችን። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሱቁ ውስጥ ረከስ ካለው መደርደሪያ ላይ ነበር።

ቫዝሊን አሜሪካዊው ሮበርት ቺዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ውድ ክሬም ተፈጥሯል፤ የቆዳን ውሃ ከመውጣት በመከልከል ግን እስከ ዛሬ ብልጫ የወሰደበት የለም፤ አለርጂም ከሞላ ጎደል አያስነሣም። ፊቱ ከታጠበ በኋላ ገና እርጥበቱ ሳይደርቅ በስሱ ሲቀቡት ይበልጥ ይሠራል። ወዙ የበዛባት ደግሞ በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን፣ ያለ ሎሚ፣ ወይም «ግሊሰሪን»ና «ሴራሚድ» በዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ያሉበት፣ «ፓርፉም» ግን የሌለበት ተራ ክሬም ይበቃታል። እዚህም ላይ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው የቫዝሊን ዕቃዎች መካከል ለሕፃናት ተብሎ ሽቶ የተጨመረበት አለና። ዝርዝሩ ያጠረው በአብዛኛው ከረዘመው ይሻላል፤ ቆዳው ቢቆጣ እንኳ ጥፋተኛውን ከአምስት ቅመም መካከል መፈለግ ከአርባ መካከል ከመፈለግ ይቀልላል።

ጥቁር ምልክቱን በተመለከተ፣ ቆዳው መቆጣቱን ካቆመ ብዙው በጊዜው ራሱ ይለቃል፤ የሚያዘገየው ፀሐይ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለሚቆጣ ቆዳ ይስማማል፤ ዋጋው የከበደበት ግን እናቶቻችን ጃንጥላ ይዘው የሚሄዱት ለዝናብ ብቻ እንዳልነበረ ያስታውስ። አንዳንድ ወጣቶች ጃንጥላ በበጋ መያዝን እንደ ኋላ ቀርነት ሲቆጥሩት እንሰማለን፤ በዚያው ገንዘብ ግን ከፀሐይ የሚያስጥል ክሬም ለመግዛት ወረፋ ይይዛሉ።

አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ወዲያው ፊቱን አይቀባ። በክንዱ መታጠፊያ በኩል፣ በሳንቲም ስፋት ያህል፣ ጧትና ማታ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይቀባና ይጠብቅ፤ ካላሳከከውና ካልሻከረበት ወደ ፊቱ ያልፋል። ሁለት አዲስ ዕቃ ባንድ ሳምንት መጀመርም አይገባም፤ የቆጣው የትኛው እንደ ሆነ አይለይምና።

ስቴሮይዱን ወይም ድብልቁን አስቀድሞ ለወራት የተቀባ ሰው ግን በገዛ እጁ ባንድ ቀን ከመጣል ይልቅ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ይገባዋል፤ ቀስ በቀስ እንዲተወው፣ በማቃጠሉም ጊዜ እንዲረዳ የሚያደርገው እሱ ነውና። ከክፍለ ከተማችን በስተ ምዕራብ በዘነበ ወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛነት ተመሥርቶ፣ ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ የሚታይበት ትልቅ የሕክምና ስፍራ ሆኗል። ወደዚያ ወይም ወደ ሌላ ሐኪም የሚሄድ ሰው የተቀባውን ሁሉ፣ ቱቦውን፣ ብልቃጡንና ካርቶኑን፣ ባዶም ቢሆን በፌስታል ይዞ ይሂድ። ከጓደኛ ተካፍሎ ስሙ በሌለበት ዕቃ የተቀባው ድብልቅ ከሆነም እሱኑ ይያዝ፤ ስሙን ማወቅ ባይቻል እንኳ ሐኪሙ ከየት እንደ ተገዛና ለስንት ወር እንደ ተቀባ ይጠይቃል።